ስለ 50 ግራም ሽሮ የተጻፉ 34 መልሶች

ስለ ጎደለ ሚዛንና ስለ ጾም የሚጠይቀውን ጽሑፍ እዚህ መድረክ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ገለልተኛ ነኝ አልልም። ከመልሶቹ አንዱ አስቆኛል፣ አንዱ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል፣ ጥቂቶቹ ደግሞ አናድደውኛል። የመልሶቹ ክር ረዝሞ ረዝሞ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ውስጥ ገባ። ዘግይተው የመጡ ሰዎች ነገሩ ከየት እንደተነሳ ግራ ገብቷቸዋል። ከላይ እስከ ታች ማንበብ ለሚሰለቸው ሰው ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ የኔን ጉድ ልድገመው።

ትንሽ ባልትና ቤት አለችኝ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቡላ፣ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ሚዛኔ ክብ ፊት ያለው፣ ባለ ቀስቱ ነው። ባለፈው ሁዳዴ፣ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት፣ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ቀስቱ ዜሮ ላይ እንደማያርፍ አየሁ። አንድ መስመር አልፎ ይቆማል። በኔ ሚዛን አንድ መስመር 50 ግራም ነው። ከሳህኑ ሥር ትንሽ ብሎን አለች። በካቻቢቴ ትንሽ ማዞር ብቻ ነው፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ። ካቻቢቴው መሳቢያው ውስጥ ነበር። ገዢ ገባ፣ ተውኩት። ማክሰኞ ነገ አደርገዋለሁ አልኩ። ረቡዕ ረሳሁት ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አልረሳሁትም ነበር።

በእነዚያ ቀናት ሁሉ እስከ 9 ሰዓት እጾም ነበር። ውዳሴ ማርያም ሳልደግም ሱቅ አልከፍትም። ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ የመድኃኔዓለም ሥዕል ተሰቅሏል። ሁለተኛው ሳምንት አለቀና እሑድ ምኩራብ ሆነ። ቅዳሴ ቆሜ፣ ጌታ ሻጮቹን ከቤተ መቅደስ ያስወጣበትን፣ የገንዘብ ለዋጮችንም ገበታ የገለበጠበትን ወንጌል ሰማሁ። ሲነበብ ሚዛኔ ትዝ አለኝ፣ አልዋሽም። ሰኞ ከፍቼ በዚያው ሚዛን መመዘኔን ቀጠልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ፣ የመጻጉዕ ዋዜማ፣ አንዲት ደንበኛዬ ከኔ የገዛችውን ግማሽ ኪሎ ምጥን ሽሮ ይዛ ተመለሰች። ከቤተ ክርስቲያን እየመጣች ነበር፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች። ምንም አልተናገረችም። ላስቲኩን ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። ቀስቱ ግማሽ ኪሎ ላይ ቆመ። ከዚያ አነሳችው። ቀስቱ ተመለሰና ዜሮ ሳይደርስ አንድ መስመር ቀርቶት ቆመ። መጀመሪያ እሱን አየች፣ ቀጥላ እኔን። 50 ግራም ጨምሬ ይቅርታ ጠየቅኋት። እሺ ብላ ሄደች። እሺ ያለችበት ድምፅ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው።

በዚያው ማታ ብሎኗን አዞርኳት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሁለት ጥያቄ ጻፍኩ። አንደኛ፣ የእነዚያን 18 የሥራ ቀናት ገዢዎች ምን ላድርጋቸው? ሁለተኛ፣ በእነዚያ ቀናት የጾምኩት ጾም ጾም ነው ወይ?

መልስ ቁጥር 1 እና 2 ደጎች ነበሩ። እግዚአብሔር ልብን ያያል፣ መጸጸትህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው የሚል መንፈስ ያላቸው። አመሰገንኳቸው። እውነቱን ለመናገር ግን የፈለግኩት ማባበያ አልነበረም፣ ወይም እንዳልፈለግኩ ለማሳየት እፈልግ ነበር።

ቁጥር 3 ስለ ሚዛኑ አንድ ቃል አልተናገረም። በመጀመሪያው ጽሑፌ ሁዳዴን 40 ቀን ብዬ ስለነበር አረመኝ። ጌታ የጾመው 40 ቀን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ዘወረደን፣ ከኋላ ሰሞነ ሕማማትን ጨምራ 55 አድርጋዋለች። ትክክል ነው፣ አስተካክያለሁ። ግማሽ ገጽ የሚሆን ማብራሪያ ግን አያስፈልገውም ነበር።

ቁጥር 4 ወደ ኢሳይያስ 58 ወሰደን። እዚያ ሕዝቡ ጾመን ሳለ ለምን አላየኸንም ብሎ ያማርራል፤ መልሱም በጾማችሁ ቀን ፈቃዳችሁን ታደርጋላችሁ፣ ሠራተኞቻችሁንም ታስጨንቃላችሁ የሚል ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ቁጥር 5 ያመጣችው አሞጽ 8 ግን ለኔ አዲስ ነበር። ሰንበት መቼ አልፎልን ስንዴ እንሸጣለን እያሉ፣ መስፈሪያውን ስለሚያሳንሱና በሐሰተኛ ሚዛን ስለሚያታልሉ ነጋዴዎች ነው የሚናገረው። በዓሉን ያከብራሉ፣ ሱቅም ይዘጋሉ፤ ልባቸው ግን ሰዓት ይቆጥራል። ሱቄ ውስጥ ሆኜ 9 ሰዓት እስኪሞላ የማየው የግድግዳ ሰዓት ትዝ አለኝ።

ቁጥር 6 ላይ ነገሩ ሞቅ አለ። ጸሐፊው በ50 ግራም መጨነቄን እንደ ቅንጦት ነው ያየው። በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅል፣ እንጀራ ላይ ጀሶ የሚጨምር፣ ቅቤ ውስጥ ምን ምን እንደሚከት የማይታወቅ ነጋዴ ባለበት አገር፣ ዘይት ደብቆ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቅ ጅምላ አከፋፋይ ባለበት አገር፣ አንተ በአንድ ማንኪያ ሽሮ ታለቅሳለህ ወይ ነው ነገሩ። ይህን መልስ ሳነብ ቀለል አለኝ። ሦስቴ ነው ያነበብኩት። ቁጥር 7 በአንድ መስመር ደስታዬን አጠፋችው፤ ትንሽ ሌባ የሚጽናናው ትልቅ ሌባ ሲያይ እንደሆነ ጻፈች። ሌባ መባሌ አናደደኝ። መልስ ልጽፍላት ጀምሬ ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላጣሁ ተውኩት።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ለኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ነው። ቁጥር 8 ዘኬዎስን አነሳ። ያ የቀራጮች አለቃ ከዛፍ ወርዶ ለበደልኩት አራት እጥፍ እመልሳለሁ ማለቱን አስታውሶ፣ እኔም አራት እጥፍ እንድመልስ መከረኝ። ቁጥር 9 ደግሞ ሕጉን ቆጥሮ መጣ። በዘፀአት 22 መሠረት አራት እጥፍ የሚከፍለው በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ነው፣ በሬ ከሆነ አምስት። ራሱ አምኖ የተናዘዘ ሰው ግን፣ በዘሌዋውያን 6 እና በዘኍልቍ 5 እንደተጻፈው፣ ዋናውን መልሶ በላዩ አንድ አምስተኛ ይጨምራል። ዘኬዎስ አራት እጥፍ ያለው ሕግ አስገድዶት ሳይሆን ጌታ ቤቱ ስለገባ ደስ ብሎት ነው የሚል ሐሳብም አክሎበታል። በጣም ወደድኩት። አንድ አምስተኛው ከአራት እጥፉ ስለሚቀልም ይሆናል የወደድኩት።

ቁጥር 10 ወንጌላዊ አማኝ መሆኑን በትሕትና ገልጾ፣ መዳን በጸጋ እንጂ በጾምም በኪሎም እንዳልሆነ፣ ይህ ሁሉ ስሌት ሸክም እንዳይሆንብኝ ጻፈ። ኤፌሶን 2፥8ን ጠቀሰ። ቁጥር 11 ነደደ። ስድቡን አልደግመውም። ቁጥር 12 ሁለቱንም ገሠጸች፤ ለ10ኛው ከኤፌሶን 2፥8 በኋላ 2፥10 እንዳለ፣ ለመልካም ሥራ እንደተፈጠርን እዚያው እንደሚናገር አሳየችው። ለ11ኛው ደግሞ በሁዳዴ ወንድሙን እየሰደበ ሥጋ ባለመብላቱ ማንን እንደሚጠቅም ጠየቀችው። 11ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ቁጥር 13 መርካቶ ያደገ ሙስሊም ነጋዴ ነው። በሰው ቤት ጨዋታ መግባቱን ይቅርታ ጠይቆ ነው የጀመረው። በቁርኣን 83ኛው ምዕራፍ፣ አል ሙጠፊፊን፣ ስያሜውን ያገኘው ሚዛን ከሚያጓድሉ ሰዎች መሆኑን ነገረን። ለራሳቸው ሲያስሰፍሩ የሚያሞሉ፣ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ሲገቡ እሱና ክርስቲያን ጎረቤቱ አንዱ ለጸሎት ሲሄድ አንዱ ሱቅ ይጠብቅለት እንደነበር አስታወሰ። ሁላችንም ልባችን ተነካ። ከዚያ በመጨረሻው መስመር በዚያው ሳምንት እሱ የቴምር፣ ጎረቤቱ የሽሮ ዋጋ መጨመራቸውን አከለበት። ያሳቀኝ ይሄኛው ነው።

ከ14 እስከ 20 ያለውን ዝለሉት። ዓሣ ነው። አንዱ ሐይቅ ዳር ያደጉ አያቱ በጾም ዓሣ ይበሉ እንደነበር ጻፈ፣ ሌላው ነፍስ ካለው አይበላም አለ፣ ሦስተኛው ደም የለውም አለ፣ አራተኛው ዓሣ አርዶ እንደማያውቅ ያስታውቅበታል አለው። በመካከል አንዲት ሴት ስለ ጾም ኬክ፣ ስለ ጾም በርገርና ስለ ጾም ማኪያቶ ያነሳችው ነገር ቁም ነገር ነበረው፤ የጾም ምሳዋ ከፍስክ ምሳዋ በልጦባት የተረፋትን ለድሃ መስጠቱ እንደቀረ ነው የጻፈችው። ማንም አልመለሰላትም። ወደ ዓሣው ተመለሱ። የገረመኝ ነገር፣ ስለ ዓሣ የጻፉት ከግማሽ በላይ ነጋዴዎች ናቸው። ስለ ሚዛን አንድም አልጻፉም።

ቁጥር 21 የሒሳብ መምህር ነኝ ይላል። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

እኔ ጉድለቱን አስልቼ ነበር። በቀን 25 ኪሎ ያህል እሸጣለሁ፣ በ18 ቀን 450 ኪሎ፣ ለያንዳንዱ ኪሎ 50 ግራም ብዬ 22 ኪሎ ተኩል አገኘሁ። መምህሩ ስሌቱን አፈረሰው። ቀስቱ የሚነሳው ከአንድ መስመር ላይ ከሆነ፣ የሚጎድለው በኪሎ ሳይሆን በምዘና ነው። አምስት ኪሎ የገዛውም 50 ግራም ይጎድልበታል፣ ሩብ ኪሎ የገዛችውም 50 ግራም። ለመጀመሪያው አንድ በመቶ ነው፣ አያውቀውም። ለሁለተኛዋ አንድ አምስተኛ ነው።

ሩብ ኪሎ የሚገዙኝን ስማቸውን ባላውቅም መልካቸውን አውቃለሁ። የቀን ሠራተኞች ናቸው፣ ማታ ማታ የሚመጡ። አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት አሉ፣ ገንዘቡን በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው የሚያመጡ። ቋጠሮውን ሲፈቱ ጊዜ ይወስዳል፤ እኔም እስኪፈቱ ድረስ መዝኜ እጠብቃቸዋለሁ። በሳምንት ሁለቴ ይመጣሉ።

በነጋታው ስንት ጊዜ እንደምመዝን ቆጠርኩ። 60 ያህል ሆነ። በ18 ቀን 1,080 ምዘና፣ 54 ኪሎ ማለት ነው። የቁጥር 9ን አንድ አምስተኛ ስጨምርበት 64 ኪሎ ከ800 ግራም። ቁጥር 22 ላይ ይህንኑ አሰፈርኩ። ሌላ ምንም አልጻፍኩም።

ቁጥር 23 እናቷ ጉሊት ቸርቻሪ ነበሩ። ድንችና ሽንኩርት በመደብ ይሸጡ ነበር። መደቡን አንስተው ገዢዋ ዘንቢል ውስጥ ከጨመሩ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ምርቃት ይወረውራሉ፤ ገበያ በጠፋበት ቀን እንኳ። ልጅ ሆና ለምን እንደሚያደርጉት ስትጠይቃቸው፣ ከመደቡ አንዱ ድንች ብልሽት ሊሆን እንደሚችልና ምርቃቱ ለሱ ካሣ እንደሆነ ነግረዋታል። ምክሯ ቀላል ነበር። ገዢዎቼ አብዛኞቹ የሰፈር ደንበኞች ናቸው። ለሚቀጥሉት 18 ቀናት ለያንዳንዱ ምዘና 60 ግራም ምርቃት ልጨምር። ያው 50ውና አንድ አምስተኛው ነው። ማንንም ማስጨነቅ የለም፣ ወሬ የለም፣ ገንዘቡም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ብዬ ነበር። ብዙ ሰውም ወደደው። ቁጥር 24 አበላሸው። ምርቃት ስትሰጣቸው እግዜር ይስጥልን ብለው ይመርቁሃል፣ የራሳቸውን ሽሮ ተቀብለው አንተን ደግ ሰው ይሉሃል፤ ሰርቀህ ምስጋና ልትበላ ነው ወይ የሚል ነው ጥቅሉ። ለዚህኛው ረጅም መልስ ጻፍኩ። ጨዋነት የጎደለው ነበር። ለሊቱን ተነስቼ አጠፋሁት። ቁጥር 25 ጠፍቷል የሚለው እሱ ነው፣ የጠየቃችሁኝ።

ቁጥር 26 ከሪያድ ናት፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ዓርብ እዚያ የቤተሰብ ትልቁ የምሳ ቀን ነው፣ ለኛ ደግሞ ጾም። ሥጋውን የምትሠራው እሷ ናት፣ ጨዉን ሳትቀምስ። እመቤቷ መጾሟን አታውቅም፣ አመጋገቧን ነው የምትገረምበት። የልብስ ኪስ ውስጥ የሚረሳ ገንዘብ ስታገኝ ማጠቢያ ማሽኑ ላይ ታስቀምጣለች። ምክር አልሰጠችም፣ ጥያቄም የላትም። ጽፋ ሄደች። መልሷ ሥር ብዙ ልብ ተደርድሯል፣ አንድም ሰው ግን ቃል አልጻፈም። ምን ይባላል?

ቁጥር 27 ከሜሪላንድ ነው፣ ነዳጅ ማደያ ይሠራል። እዚያ ማደያውም የሱቅ ሚዛኑም በመንግሥት ተፈትሾ ተለጣፊ ይደረግበታል፣ ነጋዴ በኅሊናው ላይ አይጣልም፣ እኛም አገር ቁጥጥር ቢኖር ይህ ሁሉ ውይይት አያስፈልግም የሚል ነበር። ሐሳቡ ልክ ነው። ተቆጣጣሪ ቢመጣ ኖሮ ብሎኗን በመጀመሪያው ሰኞ አዞራት ነበር። ያንን ሳስብ ነው ያፈርኩት፤ ከሚዛኑ በላይ የተሰቀለውን ሥዕል በየቀኑ እያየሁ፣ የሚያስፈራኝ ተለጣፊ መሆኑ።

ከ28 እስከ 31 ደረሰኝ ነው። አንዱ የሕንፃ መሣሪያ ሻጭ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን 15 በመቶ ቫት አንስቶ፣ በደረሰኝ ስንት ያለ ደረሰኝ ስንት ብሎ የሚጠይቀው ራሱ ገዢው ነው አለ። እሱም በነጠላ መጥቶ የሚጠይቅ። የቄሳርን ለቄሳር ያለችው 29ኛዋ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ ደመወዟ እጇ ሳይገባ ግብሩ የሚቆረጥባት፤ ምሬቷ ይገባኛል። 30ኛው ቄሳር መንገዱን ይሥራልኝና እከፍላለሁ አለ። 31ኛው ወደ ፖለቲካ ሊወስደው ሲል የመድረኩ አስተዳዳሪ አስቆመው። ስለ ደረሰኝ ራሱን የቻለ ክር ቢከፈት እሳተፋለሁ፣ ምክንያቱም እዚያም ንጹሕ አይደለሁም።

ቁጥር 32 ከኔ ሱቅ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለ ነጋዴ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ነገሩን ስለሚያውቀው። እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ መጻፍ የሁሉንም ባለሱቅ ስም እንደሚያጠፋ፣ ንስሐ ከሆነ ከንስሐ አባቴ ጋር በጓዳ መጨረስ እንዳለብኝ በቁጣ ጻፈ። ግራ እጅ ቀኝ እጅ የሠራውን አይወቅ የሚለውንም ጠቀሰ። ቁጥር 33 ዲያቆን ነው፣ እሱን በእርጋታ አረመው። ያ የተነገረው ስለ ምጽዋት ነው፣ ዕዳ ስለ መመለስ አይደለም። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ የተባለውን አንስቶ፣ የበደልከው ሰው ሳያውቅ ከሱ ጋር መታረቅ እንዴት እንደሚቻል ጠየቀ። ከ24ኛው ጋር አንድ ነገር ነው የተናገረው፣ እሱ ግን ሳያቆስል። ሁለተኛውን ጥያቄዬን የመለሰውም እሱ ብቻ ነው፦ የዚያን 18 ቀን ጾም ጾም ነው አይደለም ለማለት ሥልጣኑ የለውም፣ የቀረውን 35 ቀን ግን ልጾመው እችላለሁ።

በመጨረሻ ወረቀት ለጠፍኩ። በእስክሪብቶ፣ በትልልቁ፣ ሚዛኑ አጠገብ። ከሁዳዴ የመጀመሪያ ሰኞ እስከ ሦስተኛው ቅዳሜ የገዛ ሁሉ በምዘና 60 ግራም እንዳለው፣ የጎደለውም በኔ ጥፋት እንደሆነ። የመጀመሪያው ቀን አምስት ሰው አነበበው። አንዱ ሽሮ ረከሰ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንዱ አሥር ጊዜ መግዛቱን ማለልኝ፤ ፊቱን አይቼው አላውቅም፣ 600 ግራም መዘንኩለት። በመሐረብ የሚቋጥሩት እናት ማንበብ አይችሉምና ራሴ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰምተውኝ፣ ስድስት ጊዜ እንደገዙ በጣታቸው ቆጠሩልኝ። 360 ግራም ወሰዱ። አልመረቁኝም።

ቁጥር 34 ማክሰኞ ማታ ገባ። ስለ ጾም ምንም አላነሳም። ብሎኗ በትክክል የት ጋ እንደምትገኝ ነው የጠየቀው፤ የሱም ሚዛን አንድ መስመር አልፎ ይቆማል። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት።

ነጠላዋን አጣፍታ የመጣችው ደንበኛዬ ረቡዕ ተመለሰች። ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። በዚያ ጊዜ ሦስቴ መግዛቷን ስለማውቅ 180 ግራም መዘንኩላት። የሦስተኛው ያኔ ቅዳሜ ተመልሶልኛል ብላ አስቆመችኝ። 60ውን ቀነስኩ። ቀስቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው መስመር መካከል ቆመ። ላስቲኳን ዘርግታ ተቀበለችኝ፣ ባዶውን ሳህን ስመልሰው ቀስቱ ዜሮ ላይ ማረፉንም አየች።

ላስቲኩን ግን አልቋጠረችውም። ምርቃቱን እየጠበቀች ነበር።